ማን አስለመደው? በቲቢ ክፍል ያሳለፍኩት ዘመን

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ቦታዬን የምትረከበው ወጣት ነርስ ሰላማዊት በክፍላችን በር ላይ አዲስ ፖስተር ለጠፈች። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በጋራ እንከላከል» ይላል። ቆሜ አነበብኩትና ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምነው ሲስተር ማርታ? ጠሞ ነው የተለጠፈው?» አለችኝ።

«አልጠመመም። ‘የተላመደ’ የሚለውን ቃል ነው የማልወደው።»

ሳቀች። «ሊሰናበቱን ነው እኮ! ዛሬም ከፖስተር ጋር ይጣላሉ?»

እጣላለሁ። በሬ ቀንበር ይላመዳል። ሙሽራ የባሏን ቤት ትላመዳለች። ጀርም ግን ምንም ነገር አይላመድም። መድኃኒቱን አያውቀውም፣ አይማረውም፣ አይዘጋጅለትም። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ይህችን አንዲት ነገር በአማርኛም፣ በከምባትኛም፣ በሐዲይኛም ለሰው ሳስረዳ ነው። ሰላማዊት ያን ቀን ሥራ ስለበዛባት ሙሉውን ልነግራት አልቻልኩም። አሁን ጊዜ ስላለኝ ልጻፈው።

የተወለድኩት አንጋጫ አጠገብ ነው። አባቴ በሰበካችን ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነበር። ቤት ውስጥ ከምባትኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያልኩ አደግሁ። ሐዲይኛውን ያስተማሩኝ ሕመምተኞቼ ናቸው፤ እየሳቁብኝም ቢሆን አስተምረውኛል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ስለ ዝግመተ ለውጥ ተምረናል። እውነቱን ለመናገር በጭንቅላቴ የቀረው የቀጭኔዋ ሥዕል ብቻ ነበር። ቀጭኔ ቅጠሉ ሲርቃት አንገቷን እየሳበች፣ እየሳበች አስረዘመችው የሚለው። መምህራችን «ይሄኛው አስተሳሰብ ስሕተት ነው» ብሎ ነበር ያስተማረን። ስሕተቱ በሥዕል፣ እርማቱ በቃል ሆነና እኛ የያዝነው ስሕተቱን ሆነ።

በዚያ ዓይነት እውቀት ነው ነርስ ሆኜ የወጣሁት።

የመጀመሪያ ምድቤ ፎንቆ ነበር። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከጫማ አያልፍም። ቢሆንም ነጭ ጋወኔን ለብሼ ገበያውን ሳቋርጥ መንገዱ የተጠረገው ለእኔ ይመስለኝ ነበር። የቲቢውን ሥራ ያስያዙኝ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። ጋሽ ጴጥሮስ የድሮ ጤና ረዳት፣ የአገሩ ሐዲያ፣ እንደ እኔው ካቶሊክ፣ ረዥምና ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ከሳቸው የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ማለዳ ክፍሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ጣታቸውን ውኃ ነክረው ወደ ላይ ማንሳት ነው። «ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው?» ይላሉ። ከዚያ የእኛን ወንበር ነፋስ በሚገባበት በኩል፣ የሕመምተኛውን ነፋስ በሚወጣበት በኩል ያዞሩታል። መስኮቱን ማንም እንዳይዘጋው ከፍተው በምስማር መትተውት ነበር። ክረምት ላይ በብርድ ስንቀጠቀጥ «ብርዱ ያስነጥስሻል እንጂ አይገድልሽም» ይሉኛል። በዚያ ዘመን የሳንባ ሕመምተኛን እጅ የሚጨብጥ ሰው አልነበረም። ዘመድ እንኳ ከሩቅ ነበር አንገቱን ነቅንቆ ሰላም የሚለው። ጋሽ ጴጥሮስ ሁሉንም በር ላይ ይጨብጣሉ።

መድኃኒት ሲሰጡ ደግሞ ሕመምተኛው ክኒኑን ከዋጠ በኋላ «የአባትህ ስም ማን ነው?» ይሉታል። ስሙን ስለማያውቁት አይደለም። ክኒን ምላሱ ሥር የደበቀ ሰው የአባቱን ስም አጥርቶ መጥራት አይችልም። ይህን ዘዴ እስከ መጨረሻ የሥራ ቀኔ ተጠቅሜበታለሁ።

አክታ መርምረው የሚያነቡትም ራሳቸው ነበሩ። አክታውን ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ በስሱ ማሰራጨት፣ በእሳት አሳልፎ ማድረቅ፣ ቀዩን ቀለም አፍስሶ ከሥሩ ማሞቅ፣ ማጠብ፣ ከዚያ ሰማያዊውን። «ከወፈረ ብርሃን አያሳልፍም፣ ከሳሳ ጀርሙ ያመልጥሻል» እያሉ ስላይዱን ጋዜጣ ላይ ያስቀምጡታል። ከሥሩ ያለው ፊደል ከተነበበ ልኩ ያ ነው። በማይክሮስኮፑ ሲታይ በሰማያዊ መስክ ላይ የተበተኑ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው «እንዴት ያምራሉ!» የሚል ቃል አመለጠኝ። ጋሽ ጴጥሮስ አልተቆጡም። «ያምራሉ» አሉ።

አንድ ጊዜ መድኃኒቱን አቋርጦ የጠፋ ሰው ብሶበት ተመለሰ። እንደገና ብናስጀምረውም አልሻል አለው። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው» አልኳቸው። ስላይዳቸውን ማንበባቸውን ቀጠሉ። ቅዳሜ ሲሆን ግን «ማርታ ልጄ፣ ማሳ እንሂድ፤ አረም ታግዢኛለሽ» አሉኝና ከከተማው ወጣ ወዳለው የስንዴ ማሳቸው ወሰዱኝ።

አጎንብሼ ወገቤ እስኪቆረጥ አረምኩ። አንዱን ጥግ ጨርሼ ቀና ስል ጋሽ ጴጥሮስ ከኋላዬ ተከትለው መጥተው ቆመዋል።

«ይሄንንስ ለማን ተውሽው?» ብለው አንድ ቡቃያ አሳዩኝ።

«እሱ ስንዴ ነው።»

ነቅለው ሰጡኝ። ስናር የሚባለው አረም ነው። ሌላ አሳዩኝ፣ እሱም ስናር። ካረምኩት መሐል ስንቱን ትቼው አልፌያለሁ!

«ስንዴ መስሎኝ ነው» አልኩ።

«ስንዴ መምሰልን ማን አስተማረው?»

ስናሩን እጄ ላይ አገላበጥኩት።

«ማንም አላስተማረው» አሉ። «ስናርም እንደ ሰው ነው፤ አንዱ ካንዱ ይለያል። አንዱ ቡቃያው ቀላ ይላል፣ አንዱ መሬት ላይ ይተኛል፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ይበቅላል። ሲፈጠር እንዲያው የወጣለት ዕጣ ነው። ስንዴ መሐል እንደሚወድቅ፣ አንቺ እንደምትመጪበት አያውቅም። አንቺ ያልመሰለውን ስትነቅይ የመሰለው ቀረ። የቀረው ደግሞ ዘር ይጥላል። ከርሞ ብትመጪ ከዘንድሮው የባሰ ስንዴ የሚመስል ስናር ታገኛለሽ። አረሙ አልተማረም ልጄ። እጅሽ ነው የመረጠው።»

እዚያው ማሳ ውስጥ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ የቀጭኔዋ ነገር ገባኝ። አንገቷን የሳበች ቀጭኔ የለችም። እንዲያው በዕጣ ረዘም ብለው የተወለዱ ነበሩ፤ ድርቁ አጫጭሮቹን ሲነቅል እነሱ ቀሩ። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ዕጣና ወንፊት ነው። የሚለያየው በዕጣ ይለያያል፤ የሚቀረው ግን በዕጣ አይቀርም፣ ወንፊቱ ነው የሚያስቀረው። ሰዎች አንዱን ይይዙና ሌላውን ይጥላሉ። «ሁሉም በአጋጣሚ ነው» የሚለውም፣ «ጀርሙ ተማረ» የሚለውም እኩል ተሳስተዋል።

ስንመለስ «ታዲያ ዕጣ ከሆነ እግዚአብሔር የት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ልጅ ነኝና ይከነክነኛል።

«ዕጣውን ማን እንደሚያወጣው አልተነገረኝም። የተሰጠኝ ሥራ ዕጣው እንዳይበዛ ማድረግ ነው» አሉኝ።

ከፎንቆ ወደ ሙዱላ ተዛወርኩ። እዚያ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር አንድ ጊዜ ተጣልተናል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሕመምተኛ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አይሆንለትም። የቲቢ ሕመምተኛ አብሮ ከሚወስዳቸው አራት መድኃኒቶች ሁለቱ አለቁና «ያለውን ስጪያቸው፤ ከምንም ይሻላል» አለኝ። «ከምንም አይሻልም፤ ለአዲስ ሕመምተኛ ግማሹን መስጠት ማለት መጥፎውን ጀርም መርጦ ዘር ማስያዝ ነው» አልኩት። እሱ ሲቆጣ፣ እኔ ሳልሰማ፣ ነገ አመጣዋለሁ ብዬ ወጣሁ። በእህል ጭነት መኪና ዱራሜ ድረስ ሄጄ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለምኜም ተጨቃጭቄም፣ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተመለስኩ። ኃላፊው ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ወደ ክፍሉ አስገባው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ቀድሞ የሚጨነቀው እሱ ሆነ።

ከዚያ ነው አዲሎ የሄድኩት። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ኩራቴም ትልቁ ሐዘኔም ከአዲሎ ይጀምራል።

አዲሎ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ይቆምባታል። ኤርሱሞ የሚባል ሰው እዚያ የሽንኩርትና የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ የከተማውም የዕቁብ ዳኛ። ቲቢ ይዞት መጣ። አራቱን መድኃኒት መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ዓይኑን አፈጠጠ።

«ለአንድ በሽታ ይሄ ሁሉ? ሲስተር፣ ሆዴ እኮ መጋዘን አይደለም!»

ሌላውን ሕመምተኛ በስናር ነበር የማስረዳው። ለዕቁብ ዳኛ ግን የራሱ ቋንቋ አለው ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ዕቁብህ ትልቅ ነው አሉ» አልኩት።

«መቶ ሰው ነው።»

«የመጀመሪያው ዕጣ ለማን እንደሚወጣ ታውቃለህ?»

«ማን ያውቃል!»

«ላንዱ መውጣቱ ግን ይቀራል?»

«እንዴት ይቀራል?»

«የሚወጣለት ጎበዝ ስለሆነ ነው?»

«ኧረ በይ! ባለፈው የወጣው ከሁሉም ለሰነፉ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ።

ሳሉ እስኪበርድለት ጠብቄ ቀጠልኩ። «ደረትህ ውስጥ ያለው ጀርም የአገሩን ሕዝብ ያህላል። ሲራባ፣ ራሱን ሲገለብጥ፣ አንዳንዱ ተሳስቶ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዱ፣ በዕጣ፣ አንዱ መድኃኒት የማይነካው ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ለብቻው ያን መድኃኒት ብሰጥህ ሌላው ይሞትና ቤቱን ለእሱ ለቅቀንለት ሄድን ማለት ነው። አሁን ንገረኝ፤ አዲሎ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ሆሳዕና፣ አራት ቦታ ዕቁብ ብትገባ፣ የአራቱም የመጀመሪያ ዕጣ ላንተ ይወጣል?»

ኤርሱሞ ቆጥሮ የሚኖር ሰው ነው። አሰበበት። «ከወጣልኝማ የአራቱም ዳኛ እኔ ነኝ ማለት ነው!» አለ።

«አራት መድኃኒት የምሰጥህ ለዚህ ነው። አራቱንም ዕጣ ያገኘ ጀርም አይገኝም።»

ዋጠው። የአባቱን ስምም አጥርቶ ነገረኝ። ሁለቱን ወር በየቀኑ እየመጣ ዓይኔ ሥር ወሰደ። አክታው ጠራ፣ እሱም ወፈረ፣ ሽንኩርት ሲጭንም አየሁት። ያቺን የዕቁብ ምሳሌ ከዚያ ወዲህ ለስንቱ ነገርኳት! ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶች ሳይቀሩ ከእኔ ወስደው ይናገሯት ጀመር።

ከሁለት ወር በኋላ ሕመምተኛው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ብቻ ይቀረዋል፤ ያንንም የወር የወሩን ወስዶ ቤቱ ነው የሚውጠው። ኤርሱሞ በቀጠሮው ይመጣል፣ ይስቃል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። ታናሽ ወንድሙ ላጲሶ እቤቱ ጎን እንደሚኖር አውቃለሁ። አይሱዙ ነጂ ነው፤ ሻሸመኔ ይመላለሳል። ይስል እንደነበር ግን አላወቅኩም። ላጲሶ መታመሙ ከታወቀ ባለመኪናው ቁልፉን ይቀበለኛል ብሎ ፈርቶ ደብቆ ነበር። ሚስቱ አበበችና ሦስት ልጆች በዚያ መሪ ነው የሚተዳደሩት። ኤርሱሞ ወንድሙን ጤና ጣቢያ ና ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለው። በመጨረሻ ከራሱ መድኃኒት እኩሌታውን ይሰጠው ጀመር። በየቀኑ፣ ሳያጓድል፣ እኩል ለእኩል።

የተረዳነው ላጲሶ እያሳለ ደም እየተፋ በሸክም ሲመጣ ነው። ኤርሱሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። ወንድሙን ያዳነ መስሎት ነበር።

አራቱንም መድኃኒት አስጀመርኩት። በየቀኑ እቤቱ እየሄድኩ አዋጥኩት። አልሠራም። አክታው ቀይ ክሮች እንደሞሉት ቀረ። ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መታከም የሚችለው እዚያ ብቻ ነው፣ ወረፋውም ረዥም ነው። ስልክ ደወልኩ፣ ሰው ላክሁ፣ አለቆቼን አስጨነቅሁ። ላጲሶ ወረፋው ሳይደርሰው ሞተ። የናሙናው ውጤት የመጣው ከቀበርነው በኋላ ነው። ሁለቱም ዋና መድኃኒቶች፣ ኤርሱሞ ያካፈለው እነዚያው፣ አይነኩትም ይላል።

ሰው ሞቶብኝ ያውቃል። ይሄኛው ግን ሰበረኝ። የሕመምተኛዬን ጉሮሮ ጠብቄያለሁ፤ ጓዳውን ግን አላየሁም ነበር።

ከሠልስቱ ማግስት ኤርሱሞ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ እንሰቱ ዳር ወሰደኝ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ማጽናኛ ቃል በአፌ ሞልቶ ነበር። ግን ኤርሱሞ የሚታለል ሰው አይደለም። «ዕጣውን አንተ አላወጣኸውም» አልኩት። «መድኃኒቱ የማይነካው ጀርም እዚያ ደረት ውስጥ የነበረው አንተ ክኒን ሳትሰጠው በፊት ነው። ማንም አላስለመደውም። እኩሌታው መድኃኒት ግን ሌላውን ገድሎ ለእሱ ቦታ አስለቀቀለት። ይሄን ልደብቅህ አልችልም።»

የእንሰቱን ቅጠል በጣቱ ሰነጠቀ። «እኔስ? እኔም እኩሌታውን ነው የበላሁት። ለምን ተረፍኩ?»

«ያንተ ደረት መጀመሪያ በአራቱ ተጠርጎ ነበር። የቀረው ጥቂት ነው፤ ከጥቂት መሐል መጥፎው ዕጣ የመውጣቱ ነገር የመነመነ ነው። የእሱ ግን ሙሉ ነበር።»

«ሌላስ የለም?»

«ሌላው ዕድል ነው ኤርሱሞ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።»

ፊቱን በጋቢው ጠረገ። የጠበቅሁት እንዲቆጣኝ ወይም እንዲያለቅስ ነበር። «እንግዲያውስ አበበችንና ልጆቹን አሁን መርምሪያቸው» አለኝ። ያን ዕለት መረመርኳቸው፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሕመምተኛ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስለው ማን ነው?» ሳልለውና ራሴ እቤቱ ገብቼ ሳላይ መድኃኒት አስይዤ ሰድጄ አላውቅም። ኤርሱሞ ደግሞ በዕቁቡ ቀን፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት፣ ቆሞ የወንድሙን ታሪክ ይናገር ጀመር። የሚያስል ዘመድ እየያዙ ወደ እኔ የመጡ ብዙ ናቸው።

ጥቂት ዓመት አለፈና ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩ። መድኃኒት የማይነካው ቲቢ ሕክምና እዚያ ሊጀመር ስለነበር ክፍሉን እንዳደራጅ ተመረጥኩ። ይሄን ስጽፍ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ያለ አሮጌ ቤት ነበር። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለቀናት ተመላልሼ አየሁና መስኮቶቹን በሁለት በኩል አስከፈትኩ። ጋሽ ጴጥሮስ በምርኩዝ ሆነው ሊያዩት መጡ። ከመስኮት መስኮት ዞሩ፣ ጣታቸውን አነሱ፣ «ይበቃል» ብለው ወጡ። ከሳቸው ይሄ ትልቅ ሽልማት ነው።

ክፍሉ በተከፈተ ሰሞን ኤርሱሞ አበበችን ይዞ መጣ። ታስላለች፣ ከስታለች። ጀርሙን መድኃኒት ይነካው እንደሆን የሚያሳየው ምርመራ በዚያን ጊዜ ጥቂት ስለነበር ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ የቲቢ መድኃኒት ለወሰደ ሰው ነው። አበበች በሕይወቷ አንድ የቲቢ ክኒን ውጣ አታውቅም። ወደዚህ ክፍል መምጣቷን የሰማው ሰፈርተኛ ግን ሌላ ነበር የሚያወራው። «መድኃኒቱን እየጣለች ነው፤ አለዚያማ እንዴት ይላመዳል?» ይሉ ነበር። ያ ቃል ምን እንዳደረገ አያችሁልኝ? ጭራሽ ያልወሰደችውን ሴት ጥፋተኛ አደረጋት።

የክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፣ አስተዋይ ነው። መመሪያውን እያየ «ሲስተር፣ ቀድማ አልታከመችም እኮ» አለኝ።

«እሷ አልታከመችም። ጀርሟ ግን ታክሟል» አልኩት። «የላጲሶ ጀርም ልጅ ነው። የተመረጠው በሱ ደረት ነው፤ እሷ የተመረጠውን ነው በትንፋሽ የወረሰችው፤ ዓመታት ተኝቶባት ነው አሁን የተነሳው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔም ይሄንኑ እያሰብኩ ነበር፤ እንግዲያው አብረን እንጠይቅላት» አለ። ምርመራውን ወደሚፈቅዱት አብረን ገብተን ተከራከርንላት። ውጤቱ እንደፈራነው ሆነ፤ ሕክምናው ግን ተጀመረ።

የዚያን ጊዜው ሕክምና የዛሬውን አይመስልም። በየቀኑ መርፌ ነው። ክኒኑ በእፍኝ ነው። ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውነት ያዝላል። ከሁሉም የከፋው ጆሮን ይጎዳል። አበበች መጀመሪያ ጆሮዬ ይጮኽብኛል አለች፣ ከዚያ ድምፅ እየራቃት ሄደ። ሐኪሙ መርፌውን ቢለውጥላትም የሄደው አልተመለሰም። ኤርሱሞ በየሳምንቱ ከአዲሎ ምግብ ይዞ ይመጣና ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ ያጫውታታል።

አንድ ጠዋት ክኒኑን ሳቀርብላት እጇን አጣጠፈች።

«አልውጥም ሲስተር። በቃኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሦስት ልጅ እዚያው ክፍል ተኝቷል» አለች በከምባትኛ። «አማቴም እዚያው ነበሩ፣ አርጅተዋል። አንዳቸውም አልታመሙም። እኔን ለምን መረጠኝ? ምን አድርጌ ነው? ቅጣት ነው ይላሉ። እግዜር ካልፈለገኝ መድኃኒት ምን ያደርጋል?»

ጆሮዋ ስለደከመ ጠጋ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል ጎላ አድርጌ ተናገርኩ። «አበበች፣ ማንም አልመረጠሽም። አንድ ትንፋሽ ነው። የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ልጆቹ ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር፣ እኔም ላይ። አንቺ ላይ አረፈ። ሥራሽን አይቶ አይደለም፣ ስምሽንም አያውቀውም።»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያስከፋኋት መሰለኝ። እጇን አወረደችና «ቅጣት አይደለም?» አለች።

«አይደለም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ክኒኑን አንድ በአንድ ዋጠችው፣ የአባቷንም ስም ነገረችኝ። ሰው ዕድልን ሲሰማ ባዶነት የሚሰማው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለአንዲት ሴት ሸክም ሲያወርድላት በዓይኔ አየሁ።

ዛሬ መርፌው ቀርቷል፤ ሕክምናው አጥሯል፣ ሁሉም በክኒን ሆኗል። ሰላማዊት ጆሮው የሚደክም ሕመምተኛ ሳታይ ትሠራ ይሆናል፣ ደስ ይለኛል። ዕጣው ግን ነገም ይወጣል። አዲሱም መድኃኒት የማይነካው ጀርም አንድ ቦታ ሳይወለድ አይቀርም፤ ጎበዝ ሆኖ ሳይሆን ብዛት ስላለው ብቻ። ቤቱን ለቆ የሚጠብቀው እንዳይኖር ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። እኔ ፎንቆም፣ ሙዱላም፣ አዲሎም፣ ሆሳዕናም ያን ሥራ ሠርቻለሁ። በደንብ ነው የሠራሁት።

አበበች ድናለች። መድኃኒቷን አንድም ቀን ሳታጓድል ጨርሳለች። እኔ አጥብቄ የማስታውሰው ግን አክታዋ በካልቸር፣ ጀርሙን አብቅሎ በሚያየው ምርመራ፣ ተደጋግሞ ነፃ ሆኖ፣ የቀረውን ቤቷ ሆና እንድትጨርስ ከክፍላችን የወጣችበትን ቀን ነው።

ኤርሱሞ ልጆቹን ሦስቱንም ይዞ ግቢው በር አጠገብ ቆሟል። እስከዚያን ቀን እናታቸውን የሚያዩት ከመስኮት ማዶ ነበር። አበበች ደረጃው ላይ ወጥታ ቆመች። ማስኳን አወለቀችና እጇ ላይ ይዛ ቀረች። ልጆቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ሲስተር፣ ልሳማቸው?»

«ሳሚያቸው» አልኳት።

አልሰማችኝም። «ምን አልሽኝ?»

ጠጋ ብዬ ደገምኩት። አሁንም ራሷን ነቀነቀች፤ የተከለከለች መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ትንፋሼን ሰብስቤ ባለኝ አቅም ጮህኩ። «ሳሚያቸው! አበበች፣ ሳሚያቸው!»

ግቢው በሙሉ ሰማ። ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሰው ዞረ። ሕመምተኞቻችን በየመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ሐኪሙ ምን ተፈጠረ ብሎ ከቢሮው ብቅ አለ። ትንሿ ልጅ ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ የአጎቷን እጅ አስለቅቃ ወደ ደረጃው ትሮጥ ነበር።